ድሃ ቅድመ አያትን በሰሜን ሸዋ መዛግብት መፈለግ

ባለርስት የነበረ ቅድመ አያት ዘሩ በርስት ሙግት ተቆጥሮ ይጻፍ ስለነበር ብዙ አያስቸግርም፤ ርስቱን አጥቶ በጭሰኝነት የኖረ ቅድመ አያት ግን በራሱ ስም የተከፈተ መዝገብ እምብዛም ስለሌለው የሚገኘው በሌሎች ሰዎች ወረቀት ውስጥ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ የሚጠበቅ ነገር የለም።

አስቀድሞ የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና የተቀበረበትን ደብር ከአረጋውያን መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕድሜውን በዓመት የሚነግር ስለማይገኝ «ከሰገሌ በፊት ተወልዷል? የኅዳር በሽታ ሲገባ ትዳር ይዞ ነበር?» ማለት ይሻላል፤ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ ደግሞ በ1911 ዓ.ም. በመሆኑ መልሱ ወደ ዘመን ይመነዘራል።

ዋናው ሰነድ የርስት ሙግት መዝገብ ነው። በመንዝና በተጉለት ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ተከራካሪው ከአቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው) ጀምሮ ትውልድ ሲቆጥር የደኸየው ወገንም አብሮ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ፍርዱን ብቻ ሳይሆን ክሱን፣ መልሱንና በተለይም ዝምድና የሚገለጥበትን የምስክሮች ቃል እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን የሚያርስበት የወለድ አገድ ውልም አይታለፍ። በውሉ ግርጌ ከአውራ ጣት አሻራው አጠገብ «የእገሌ ልጅ እገሌ» ተብሎ የተጻፈውን ባለዕዳ ካገኙ በኋላ ዓይንዎን ወደ ዋሱ ይመልሱ፤ ለድሃ ዋስ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ወይም አማች ስለሆነ፣ እንደ እኔ አስተያየት ከባለዕዳው ይልቅ የሚጠቅመው የዋሱ ስም ነው።

በአብያተ ክርስቲያናትም በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነእማኞቹ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን ለማየት ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ ግድ ነው። ጭሰኛው ወይም ልጁ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ በሕይወት ከነበረ፣ የገበሬ ማኅበር መዝገብ ከተረፈ በራሱ ስም የሚገኝበት የመጀመሪያው ወረቀት ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን ከዚያ ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ ያዋጣል።

ጸሐፊዎች ሀና ሐን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን ስለሚያቀያይሩ አንድን ስም በሁሉም ፊደል መፈለግ፣ እንዲሁም የክርስትና ስሙንና የዓለም ስሙን ለየብቻ ማየት ይገባል። የስምና የአባት ስም መግጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድ አጥቢያ እንኳ ሞክሼ ሞልቷልና፣ መንደሩ፣ የሚስቱ ወይም የወንድሙ ስም እስኪገጥም ድረስ ሰውየውን ከዘር ሐረጉ ውስጥ በእርሳስ ብቻ ይጻፉት።