ወንበር ላይ ለምንውል፦ የመቀመጫ ቁስልን መከላከል

ከወገቤ በታች አይሰማኝም። ቆዳዬ ሲጎዳ የሚነግረኝ ሕመም ስለሌለ በሰዓትና በመስታወት እጠብቀዋለሁ።

ተሽከርካሪ ወንበሬ ላይ ስውል ስልኬ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ይጠራል። ፍሬን ይዤ ደረቴን ወደ ጉልበቴ አስጠጋለሁ፤ መቀመጫዬ ላይ ያለው ጫና ቀንሶ የታገደው ደም እንዲመለስ 2 ደቂቃ ያህል እቆያለሁ። በእጅ ተደግፎ ብድግ ማለትም አለ። ግን ትከሻ ይጎዳል፤ ደም በደንብ እስኪመለስ መቆየትም ከባድ ነው። ማጎንበሱ ይሻላል። ቡና ላይ እንግዳ ቢኖርም አልዘለውም፤ እናንተም አትፈሩ።

ጠዋትና ማታ ጅራት አጥንትን፣ መቀመጫንና ተረከዝን በመስታወት እዩ። ብዙ ጊዜ «መቅላቱን ተመልከቱ» ይባላል። በእኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ይህን ሁሉም አስታማሚ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ በእጃችሁ ፈልጉ። ካገኛችሁ በዚያ በኩል አትቀመጡ፣ አትተኙ፤ ቦታውንም በእጅ አትሹት። ካልጠፋ ወይም ቆዳው ከተላጠ ቶሎ ሐኪም ይየው።

የኋላ ኪስ ባዶ ይሁን። ትኩስ ነገር ጭናችሁ ላይ አታስቀምጡ። መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ሰው ቢያመጣላችሁ አመስግናችሁ ተዉት፤ ዙሪያውን እየተጫነ ደም ያግዳል።