የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ማንሣትና ማደስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሰማንያ ዓመታት በረግረግ፣ በአሸዋ ወይም በባሕር ወለል የተኛ አውሮፕላን ከተኛበት ቦታ ጋር እርቅ አውርዷል። ዝገቱ ረግቷል፤ ጭቃውም እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። እርቁ የሚፈርሰው እኛ ገመድና ክሬን ይዘን የደረስን ዕለት ነው። ሥራውን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ የዕረፍት ቀኖቼን ሁሉ የበላ ፍቅር ነው። ሆኖም ካየኋቸው ጉዳቶች የሚበዙት በአውሮፕላን ወዳጆች እጅ፣ በችኮላ የደረሱ ናቸው። የራሴም እጅ አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬን እንደ ማስረጃ መያዝ

«ከነሣጥኑ የተቀበረ አዲስ አውሮፕላን አለ» የሚል ታሪክ የማይነገርበት አገር የለም። ተራኪው ራሱ አላየውም፤ ያየው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ከሁሉ የገነነው የበርማው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እንግሊዞች ስፒትፋየር የሚባሉ በርካታ ተዋጊ አውሮፕላኖችን በሣጥን አሽገው ቀብረዋል ተባለና በ2013 መጀመሪያ በያንጎን አውሮፕላን ማረፊያ ቁፋሮ ተጀመረ። ገንዘብ ነበረ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከመሬት በታች ያለውን የሚቃኝ መሣሪያም ነበረ። አውሮፕላን ግን አልነበረም። መዛግብቱም ቢሆኑ ለወሬው አልመሰከሩለትም።

ስለዚህ ከአካፋው በፊት ወረቀቱን ይያዙ። የጦር ክፍሉን የዕለት መዝገብና የአደጋውን ሪፖርት ፈልገው ያንብቡ። በተለይ ደግሞ ከአደጋው በኋላ ቦታውን ማን እንዳጸዳው ይጠይቁ፤ በጦርነቱ ዘመን አሉሚኒየም ውድ ስለነበረ ብዙ የወደቁ አውሮፕላኖች ያኔውኑ ተነሥተው ቀልጠዋል። ወረቀቱ እውነት ሲሆንም ምድሪቱ ታታልላለች። በሐምሌ 1942 ስድስት ፒ-38 ተዋጊዎችና ሁለት ቢ-17 ቦምብ ጣዮች በግሪንላንድ በረዶ ላይ በግዳጅ አረፉ። ከዓመታት በኋላ የሄዱት ፈላጊዎች ጅራታቸው ብቅ ብሎ እናገኘዋለን ብለው ነበር። የተገኙት ግን ወደ 80 ሜትር ከሚጠጋ በረዶ በታች ነው፤ የበረዶ ግግሩም ከመጀመሪያ ቦታቸው ገፍቶ ወስዷቸዋል።

«ያገኘ ይወስዳል» ማለት

አይወስድም። በብሪታንያ ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ሳለ የወደቀ ወታደራዊ አውሮፕላን ሁሉ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው፤ የአብራሪ አስከሬን ሊኖርበት ይችላል ከተባለም ፈቃዱ አይሰጥም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በበኩሉ የሰመጡ አውሮፕላኖቹን ባለቤትነት በዘመን ብዛት አይለቅም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ረግረግ ውስጥ ከ1942 ጀምሮ የነበረው ቢ-17፣ «የረግረጉ መንፈስ» የሚሉት፣ በ2006 በሄሊኮፕተር ከወጣ በኋላ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከወደብ ሳይነሣ እስከ 2010 ድረስ ቆሟል። ወደቡ ላይ ከሚቆም ረግረጉ ውስጥ ቢቆይ ይሻለው ነበር።

ከሕጉ በላይ ያለው ግን መቃብሩ ነው። ከስብርባሪው መካከል አጥንት፣ ጫማ ወይም የፓራሹት ጨርቅ ከታየ ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል፤ ነገሩም ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይነገራል። «ትንሽ ብቻ ጨርሰን» የሚል ባልደረባ ካለ ከቡድኑ ያሰናብቱት።

መቀበያውን ሳያዘጋጁ ማውጣት

ብዙ ሰው የማይረዳው ነገር ይህ ነው። አውሮፕላን ከባሕር በወጣ ሰዓት ዳነ ይባላል፤ በእርግጥ ግን መሞት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። የአውሮፕላን ላሜራ ንጹሕ አሉሚኒየም አይደለም፤ መዳብ የተቀላቀለበት ዱራሉሚን የሚባል ጠንካራ ቅይጥ ነው። የባሕሩ ጨው በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ይቀመጣል። ውኃ ውስጥ ሳለ አየር ስለሚያጥረው ሥራው ይዘገያል። አየር ላይ ሲወጣና ሲደርቅ ጨውና ኦክሲጅን ይገናኙና ላሜራው እንደ መጽሐፍ ገጽ በየንብርብሩ ይገለጣል። ማግኒዚየም የሆኑ ክፍሎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የጎማ ቸርኬዎች፣ ያን ያህል እንኳ አይቆዩም፤ ብዙ ጊዜ ገና ባሕር ውስጥ ሳሉ ነጭ ዱቄት ሆነው ያልቃሉ።

በሰኔ 2013 ከእንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ ጉድዊን ሳንድስ ከሚባለው የባሕር አሸዋ የወጣውን የጀርመኑን ቦምብ ጣይ ዶርኒየር 17 ያነሡት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። አውሮፕላኑ ከውኃ ከመውጣቱ በፊት ማረፊያው ተዘጋጅቶለት ነበር፦ ፕላስቲክ የለበሰ ረጅም ዋሻ፣ በውስጡም የሎሚ አሲድ የተቀላቀለበት ውኃ ሳያቋርጥ የሚረጭ የቧንቧ መስመር። ዓመታት ታጠበ። ጓሮ ውስጥ ሸራ አልብሶ «ገንዘብ ሲገኝ እንጀምራለን» የሚል ሰው ይህን ያስብ። ዋሻውን መሥራት ካልቻሉ አውሮፕላኑን ከባሕር ባያወጡት ይሻላል።

ሜዳ ላይ መቸኮል

በ1947 ኪ በርድ የሚባል ቢ-29 ቦምብ ጣይ በሰሜን ግሪንላንድ በበረደ ሐይቅ ላይ አረፈ፤ ሠራተኞቹ በሕይወት ተረፉ፤ አውሮፕላኑም ሙሉ አካሉን እንደያዘ ቀረ። በ1994 ጥቂት ሰዎች ሞተሮቹን እዚያው ለውጠው ሊያበሩት ሄዱ። ዋና መካኒካቸው ታሞ ሞተ። በግንቦት 1995 ተመልሰው አራቱንም ሞተሮች አስነሡ፤ አውሮፕላኑ በበረዶው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከኋላ በኩል ለጊዜው የተሰቀለ የአነስተኛ ጄኔሬተር ነዳጅ መያዣ አፈሰሰና እሳት ተነሣ። ለ48 ዓመታት ብርዱ ያልነካው አውሮፕላን በዚያው ዕለት ዐመድ ሆነ። የማሰሪያ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ቢታገሡና ያንን መያዣ በደንብ ቢያስሩት ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ሳይመዘግቡ ማጽዳት

የእኔ ኃጢአት እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት የክንፍ ላሜራ ተሰጠኝና ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ከረምኩ። መስታወት መሰለ። አንድ አዛውንት መካኒክ መጥተው ገልብጠው አዩትና «ጽሑፉ የት አለ?» አሉኝ። በውስጠኛው ገጽ በእርሳስ የተጻፈ የፋብሪካ ቁጥርና የመርማሪ ፊርማ ነበረበት ለካ። ጥሩ አድርጌ አጥፍቼዋለሁ። ከጽሑፉም ጋር ላሜራውን ከዝገት ይጠብቅ የነበረውን፣ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን ፈትጌ አውርጄዋለሁ። የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ይብሳል፤ ከሽቦው የሚቀረው የብረት ብናኝ አሉሚኒየሙ ላይ ተጣብቆ አዲስ ዝገት ይጀምራል።

ቆሻሻውም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በ1989 በሌኒንግራድ አካባቢ ጫካ ውስጥ የተገኘው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ፎከ-ቩልፍ 190 በ1943 ለምን እንደወደቀ ግልጽ አልነበረም፤ ጥይት አልመታውም። ሞተሩ ሲፈታ በዘይት ሥርዓቱ ውስጥ ጨርቅ ተገኘ። ፋብሪካ ውስጥ በግዳጅ ይሠሩ ከነበሩ ሰዎች አንዱ ሆን ብሎ ጨምሮታል ብለው የሚጠረጥሩ አሉ። ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ያጠበ ሰው ያንን ጨርቅ የሚያየው ፍሳሽ መውረጃ ላይ ነበር።

ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ሲፈቱ ያንሱ፤ ከፈቱ በኋላም ያንሱ። ሪቬት (ላሜራዎቹን የሚያያይዘውን ባለራስ ሚስማር) ሲያወጡ ራሱን ብቻ ከግንዱ በቀጠነ የትራፓኖ ጫፍ ይብሱ፤ ከዚያ ራሱን ገንጥለው ግንዱን በቀስታ መትተው ያስወጡ። ቀዳዳው ከሰፋ ላሜራው ተበላሸ ማለት ነው። ብሎኑና ዳዶው ከየት እንደወጡ ተጽፎባቸው በየከረጢታቸው ይግቡ። «አስታውሰዋለሁ» አይበሉ፤ አያስታውሱትም።

ቀለምም እንዲሁ ነው። በ2012 በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ የተገኘው ኪቲሆክ የሚባል ተዋጊ ከ1942 ጀምሮ ፀሐይና አሸዋ ያጠቡት፣ ሲያዩት ልብ የሚነካ አውሮፕላን ነበር። ኋላ ለኤግዚቢሽን ሲባል የሚያብረቀርቅና ከዘመኑ ጋር የማይገጥም ቀለም ተቀባ። በረሃው ሰባ ዓመት የጻፈበትን ያንን ገጽ ማንም መልሶ ሊጽፈው አይችልም።

መርዙንና ጥይቱን መርሳት

ባጭሩ፦ የበረራ መቆጣጠሪያ ሰዓቶቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጻፈው በጨለማ እንዲያበራ ጨረር አመንጪ በሆነው ራዲየም ነው። በጨለማ ማብራቱን ስላቆመ ጨረሩ አልቋል ማለት አይደለም፤ የሞተው የሚያበራው ኬሚካል ነው፤ ራዲየሙ ግማሹ እስኪያልቅ 1600 ዓመት ይፈልጋል። መስታወቱን አይክፈቱ። ቢጫ አረንጓዴው ፀረ ዝገት ቀለም ክሮሜት አለበት፤ ወርቃማ የሚመስሉት ብሎኖች ካድሚየም ለብሰዋል፤ የሁለቱም ብናኝ ካንሰር ያመጣል። ከሞተሩ ጀርባ ያለው ነጭ ንጣፍ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ጥይትና ቦምብ ካዩ እጅዎን አንሥተው ለባለሙያ ይደውሉ።

ማብረር ወይስ ማቆም? ሳይወስኑ መጀመር

ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ይመስላል፤ ግን መጀመሪያ ላይ ካልተመለሰ ሁለቱንም ያሳጣል። ለመብረር የሚታደስ አውሮፕላን የቆየ ላሜራውን አብዛኛውን ይጥላል። በ2012 በኒውዚላንድ የበረረው ሞስኪቶ ከእንጨት የሚሠራ ስለሆነ አሮጌው እንጨትና ሙጫ ለበረራ አልሆኑም፤ ቅርጽ ማውጫው ጭምር እንደ አዲስ ተሠርቶ አካሉ ከሞላ ጎደል አዲስ ሆነ። ለሙዚየም ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን ጥይት የበሳውን ቀዳዳ እንኳ መድፈን ጥፋት ነው። መሐል ላይ የሚዋልል ባለቤት ዋናውን ላሜራ ቆርጦ ይጥልና ገንዘቡ ሲያልቅ የማይበርም ታሪክ የማያሳይም ነገር ይዞ ይቀራል።

ጊዜውንም ያስሉ። ከዚያ ከግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ከፒ-38ቹ አንዱን በ1992 በሞቀ ውኃ ጉድጓድ እያቀለጡ፣ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ አወጡት። በረዶው ጠብቆታል ተብሎ ነበር፤ ሲያዩት ከጠበቁት በላይ ተጨፍልቋል። ከዚያ ጉድጓድ የወጣው አውሮፕላን እንደገና የበረረው በጥቅምት 2002 ነው።