የሌሊት ዲውቲ፣ ሁለት ልጆችና 38 ጨዋታ፦ የደጋፊዎች ማኅበር ስትቀላቀሉ

አርሰናልን የመሠረቱት የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 በዉሊች የሮያል አርሰናል ሠራተኞች ቡድን አቋቋሙና በሚሠሩበት ክፍል ስም “ዳያል ስኩዌር” አሉት። ቅዳሜ ከሰዓት የኳስ ሰዓት የሆነበትም ምክንያት ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1850 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ሠራተኛው ነፃ ከሰዓት አገኘ፤ ኳሱም እዚያች ክፍተት ውስጥ ገባ። ይህን ታሪክ የምወደው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ነርስ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ደግሞ የአካባቢያችን የአርሰናል ደጋፊዎች ማኅበር አባል ሆኛለሁ። ኳስ መጀመሪያውኑ ሥራ ላለው ሰው የተበጀ ነገር ስለሆነ፣ ከሥራና ከቤት ጋር ማስታረቅ እንደሚቻል በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ማኅበሩን ማግኘት ከባድ አይደለም። ትልልቅ ክለቦች ዕውቅና የሰጧቸውን የደጋፊ ማኅበራት ዝርዝር ዌብሳይታቸው ላይ ያወጣሉ። የእናንተ አካባቢ እዚያ ከሌለ ማሊያ የለበሰ ሰው አስቁማችሁ ጠይቁ። እኔ የደረስኩበት እንዲህ ነው፤ አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባችን ቦርሳው ላይ የአርሰናልን ምልክት፣ መድፉን፣ አየሁና “የት ነው የምታየው?” አልኩት። በሳምንቱ ይዞኝ ሄደ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ሁለት ጨዋታ አብራችኋቸው እዩ፤ ከሁለቱ በአንዱ ቡድኑ ቢሸነፍ ደግሞ የተሻለ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሁሉም ሰው ደግ ነው። የማኅበር ጠባይ የሚታየው ሁለት ለዜሮ እየተመራችሁ፣ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ነው። ተጫዋች በቆዳ ቀለሙ ሲሰደብ ዝም የሚል ማኅበር ከሆነ፣ የሌላ ቡድን ደጋፊ ሲገባ የሚያስፈራሩት ከሆነ፣ አትመዝገቡ። ሴቶች የት እንደሚቀመጡም ተመልከቱ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ማኅበር ሌላ ነበር፤ ሦስት ሴቶች ከኋላ በር ሥር ቆመን ነበር ያየነው፣ ማንም “ግቡ” አላለንም። አሁን ያለሁበት በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አንድ አዛውንት ተነሥተው ወንበር አሳዩኝ፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደግሞ ስሜን ጠየቁኝ። የሴቶቹ ቡድናችን በሜይ 2025 ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፎ የቻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ እኒያው አዛውንት ከእኔ ቀድመው አለቀሱ።

ስለ ገንዘብ አጭር ነው የምለው። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚይዘው፣ ደረሰኝ እንዳለና ሒሳቡ ለአባላት መቼ እንደሚነበብ ጠይቁ። ጥያቄው የሚያስቆጣቸው ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። ለራሳችሁም የወር ጣሪያ አውጡ፤ ማሊያ በየዓመቱ ስለሚቀየር በየዓመቱ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ የእኔ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። የጨዋታ ውርርድ ከማኅበሩ ጋር የተቆራኘበት ቦታ አትቆዩ። በውርርድ ምክንያት ከቤተሰቡ የተጣላ ጓደኛ ስላለኝ በዚህ ነገር አልደራደርም።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ሰዓቱ።

የፕሪሚየር ሊግ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ያደርጋል። ሰው “ዘጠና ደቂቃ ብቻ ናት” ይላል፤ በዘጠና ደቂቃ ከቆጠርነው በእርግጥ 57 ሰዓት ነው። ግን የዕረፍቱን 15 ደቂቃ፣ የባከነውን ሰዓት፣ መንገዱንና ከፉጨቱ በኋላ ቆሞ የሚወራውን ጨምሩበት። እኔ አንድ ወር ሙሉ ከቤት የወጣሁበትንና የገባሁበትን ሰዓት ጻፍኩ፤ በአማካይ ለአንድ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ተኩል ወጣ። በ38 ሲባዛ 133 ሰዓት ነው። ኤፍኤ ካፑ፣ ሊግ ካፑ፣ የቻምፒየንስ ሊጉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስምንት ጨዋታ ገና አልተቆጠረም፤ የቻምፒየንስ ሊጉ ደግሞ በአብዛኛው ማክሰኞና ረቡዕ ነው። እናንተም ሰዓታችሁን ጻፉ። ቁጥሩን ሳያዩ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ክርክር ብቻ ነው የሚሆነው።

እኔና ባለቤቴ የተስማማነው በ15 ጨዋታ ነው። አሥራ አምስቱን ከማኅበሩ ጋር አያለሁ፣ የቀረውን ቤት፣ ልጆቹ እግር ሥር እየተጫወቱ፤ ዲውቲ ላይ ከሆንኩ ደግሞ በማግሥቱ የጎሎቹን ቅንጭብ። አሥራ አምስቱን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ከጎረቤት ባላንጣችን ከቶተንሃም ጋር የሚደረጉት ሁለቱ ሁልጊዜ አሉበት። በምላሹ የእሱ የሩጫ ቡድን እሑድ ጠዋት ሲወጣ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ያለ ማጉረምረም። የእናንተ ቁጥር አምስት ሊሆን ይችላል፣ ሠላሳም ሊሆን ይችላል። ዋናው ቁጥሩ ጨዋታው ሊጀምር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሳይሆን ውድድሩ ሳይጀመር የተወሰነ መሆኑ ነው።

የዓመቱ መርሐ ግብር በአብዛኛው በጁን ወር ይወጣል። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ እንደወጣ ሙሉውን ቀዳሁና የዲውቲ ቅያሬዬን በእሱ ላይ ሠራሁ። ስህተት ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጨዋታ ሲመርጡ ቀኑ ይቀየራል፤ ለቅዳሜ ብዬ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ገብቼ ያስለቀቅሁት ቀን ባዶ ቀረ፣ ጨዋታው ሰኞ ሆነ፣ ሰኞ ማታ ደግሞ ተረኛ ነበርኩ። የልጄ የትምህርት ቤት ዝግጅት ከእነዚያ ሁለት ሌሊቶች በኋላ በነበረው ቀን ነበር፤ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ግጥሟን አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ የጁኑን መርሐ ግብር በእርሳስ ብቻ ነው የምጽፈው። የቴሌቪዥኑ ምርጫ ሲታወቅ በእስክሪብቶ አደርገዋለሁ፤ ቅያሬ የምጠይቀውም ያን ጊዜ ነው። በወር ከአንድ ቅያሬ በላይ አልጠይቅም፣ ለሸፈነልኝ ባልደረባም በዚያው ወር እመልሳለሁ።

የምትኖሩበት አገር ሰዓቱን የማይቀይር ከሆነ ሌላም ነገር አለ። እንግሊዞች በማርች የመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን ወደፊት፣ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ወደኋላ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከኦክቶበር ማብቂያ ጀምሮ ያው ጨዋታ ለእናንተ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል። አንድ ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ ልጅ ለምታስተኛ እናት ግን ትንሽ አይደለም።

የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ የሚደረግባቸው ሳምንታት፣ በሴፕቴምበር፣ በኦክቶበር፣ በኖቬምበርና በማርች የሚመጡት፣ የቤተሰብ ናቸው። የዘመድ ጥየቃ፣ የተሰበረው በር፣ ሲጓተት የከረመው የልጆች የጥርስ ሐኪም፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሊጉ በሌለበት ቀን የማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ እንኳን “አልችልም” እላለሁ።

የቴሌግራም ግሩፑን ድምፅ ዝጉት። የእኛ ግሩፕ የጨዋታ ቀን ከአራት መቶ በላይ መልእክት ይገባበታል፤ ቀንና ቦታ የሚነገርበትን ማስታወቂያ ብቻ ለይታችሁ ብትከታተሉ ምንም አያመልጣችሁም።

ከሽንፈት በኋላ ቀጥታ ቤት አልገባም። ሃያ ደቂቃ እዞራለሁ። ይህን የጀመርኩት ትልቋ ልጄ አንድ ቀን በሩን ከፍታ ፊቴን አየችና “ዛሬ አትጫወቺም ማለት ነው?” ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ያመኛል። አሁን ስመለስ ውጤቱን እሷ ናት የምትጠይቀኝ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ።

ማኅበሩ ውስጥ አንድ ሥራ ያዙ፣ አንድ ብቻ። ሥራ የያዘ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሁሉንም ያውቃል፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁለት ሥራ የያዘ ግን በዓመቱ ይሰለቻል። እኔ የመዋጮ መዝገብ ይዤ ነበር። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ለሰብሳቢያችን አንድ የውድድር ዘመን እንደማርፍ ነገርኩት፣ ቀሪውን ሒሳብ የመጨረሻው ገጽ ላይ ጽፌ ከሁለት ምስክር ጋር ተፈራረምንና ደብተሩን አስረከብኩ። ስመለስ ወንበሬ እዚያው ነበር፤ ደብተሩን ግን አልተቀበልኩም፣ አሁን አዲስ የሚመጡትን ሴቶች በር ላይ የምቀበለው እኔ ነኝ።