ያረጁ አሻንጉሊቶች ምን ነካቸው? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ያረጀ አሻንጉሊት ሲበላሽ ሁላችንም የምናሳብበው በዕድሜው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አካባቢው ላይ ነው፤ የተቀመጠበት ቁም ሳጥን፣ የሚያርፍበት ብርሃን፣ የተጠቀለለበት ላስቲክ። ስለዚህ ምልክት ስታዩ ወደ ሳሙናና ብሩሽ አትሩጡ። መጀመሪያ በደንብ እዩት፣ ከዚያ አሽትቱት። መንካት ይደርሳል።

የእርሳስ ወታደሮቹ ነጭ ዱቄት አወጡ

አቧራ መስሏችሁ እፍ እንዳትሉት። ይህ የእርሳስ ዝገት ነው፣ መርዛማም ነው። የሚጀምረው ቀለሙ ከተላጠበት ወይም ከሳሳበት ቦታ ነው፤ እግር ስር፣ የጠመንጃው ጫፍ ላይ። ዊልያም ብሪተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1893 ውስጣቸው ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን መሥራት ከጀመረ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ተሠርተዋል። የብዙዎቹም ጠላት ያማረው የእንጨት መደርደሪያ ነው። የኦክ እንጨት፣ ችፑድ፣ ኤምዲኤፍና አንዳንድ ሙጫዎች የአሲድ ትነት ይለቃሉ። ኮምጣጤን ኮምጣጤ ያደረገው ያው አሲድ ነው። በሩ ግጥም ብሎ ሲዘጋ ትነቱ መውጫ ያጣና እርሳሱን ይበላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ቁም ሳጥኑን ለጥቂት ቀናት ዝጉትና ድንገት ከፍታችሁ አሽትቱ። የእንጨት ወይም የኮምጣጤ ሽታ ፊታችሁን ከመታው ምክንያቱ ተገኘ። ወታደሮቹን አውጥታችሁ ወደ መስታወትና ብረት መደርደሪያ አዛውሩ። ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ከመደርደሪያው ላይ ሰብስቡ፣ ጨርቁን ጣሉት። እንጨቱን ቫርኒሽ መቀባት የሚያድነው የሚመስላቸው አሉ። ትንሽ ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያልደረቀ ቀለም ራሱ ይተናል።

የብረት መኪናው ተሰነጣጠቀ፣ ወገቡም ጎበጠ

ሰብሳቢዎች ዳይካስት ከሚሏቸው፣ ከዚንክ ቅይጥ ከተሠሩት መኪኖች መካከል በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወጡት ይህ ያጠቃቸዋል። እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ ዲንኪዎች (ዲንኪ የእንግሊዝ የአሻንጉሊት መኪና ስም ነው) ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል። ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ ስንጥቁ ቀለሙ ላይ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ብረቱ አብጦ፣ ጣሪያው መረብ የመሰለ ስንጥቅ አውጥቶ፣ አንዱ ጎማ ከመሬት ከተነሳ ግን ችግሩ ከውስጥ ነው። ያኔ ፋብሪካ ውስጥ ዚንኩ ሲቀልጥ ትንሽ እርሳስ ተቀላቅሎበታል። እርጥበት ሲያገኝ ከውስጥ ይፈረካከሳል።

እውነቱን ለመናገር መድኃኒት የለውም። ሙጫ፣ ቀለም፣ ዘይት፣ ሁሉም ከንቱ ነው። ማድረግ የሚቻለው ማዘግየት ነው፤ ደረቅና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ አስቀምጡት፣ ከጎኑ አትጭመቁት፣ ከስሩ ደግፋችሁ አንሱት። ወደ ሌሎቹ መኪኖች ይዛመታል የሚባለው ወሬ ግን ወሬ ነው። ችግሩ ያለው በቅይጡ ውስጥ ስለሆነ ጎረቤት አይለክፍም። ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሆዱን ገልብጣችሁ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

አሻንጉሊቷ እጅ ላይ ትጣበቃለች

ያላባት ትመስላለች፣ አቧራም ይለጥፍባታል። የተሠራችበት ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ፈሳሽ ከዓመታት በኋላ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁ። ይመለሳል፣ እንደገና ትጠርጋላችሁ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከሆነ ቆይቶ ይመለሳል። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) በጭራሽ!

ያው ፈሳሽ ነው የመኪናው ለስላሳ ጎማ የቆመበትን ፕላስቲክ የሚያቀልጠው። ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ወይም ከስሩ ቀጭን የፖሊስተር ወረቀት ጣል አድርጉ።

እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የባርቢ ጆሮ አካባቢ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጉትቻው ነው። በውስጡ ያለው መዳብ ይዝግና ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ጉትቻውን ዛሬውኑ አውጡት። የብጉር ክሬም ቀብተው የሚያስለቅቁ አሉ፤ ክሬሙ ግን ዙሪያውን ያነጣዋል። እኔ ብሆን አረንጓዴውን በፀጉሯ እሸፍነዋለሁ።

ነጩ ፕላስቲክ ቢጫ ሆነ

ብርሃንና ሙቀት ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ ማንጣት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቢጫው ተመልሶ ይመጣል። ተዉት ባይ ነኝ።

የቆርቆሮው አሻንጉሊት አልንቀሳቀስ አለ

በቁልፍ የሚጠመዘዝ ከሆነ ሻጮች «ሞላው ከልክ በላይ ተጠምዝዞ ነው» ይሏችኋል። ብዙውን ጊዜ የድሮው ዘይት ደርቆ ሙጫ ሆኖ ነው። በኃይል አትጠምዝዙት። በጥርሶቹ ዘንግ ጫፍ ላይ በመርፌ አንዲት ጠብታ ቀጭን የሰዓት ዘይት አድርጉና ጊዜ ስጡት። የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ወደ ታተመው ሥዕል ይፈስሳል፣ ሲደርቅም ራሱ ሙጫ ይሆናል። ስታስቀምጡት ሞላው ላልቶ ይሁን።

ባትሪ የሚበላ ከሆነ ክዳኑን ክፈቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አልካላይን ባትሪ ያፈሰሰው ነጭ ቅርፊት ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ የሚነሳው በአቼቶ ወይም በሎሚ በራሰ የጆሮ ጥጥ ነው። የድሮው ዚንክ ካርቦን ባትሪ ፍሳሽ ግን አሲድነት አለው፣ ለእሱ በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚሻለው። ባትሪው አሁንም ውስጡ ካለ ጽሑፉን አንብቡ። ከዚያ በተጣራ ውሃ በረጠበ ጥጥ አጽዱ፣ ወዲያው አድርቁ። ሥዕሉ ያለበትን ገጽ አታስነኩ። ለዕይታ የተቀመጠ አሻንጉሊት ደግሞ ባትሪ ምን ይሠራለታል? አውጡት።

ድቡ ፀጉሩ እየረገፈ ነው

ስሩ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ወይም ባዶ ቅርፊት ካለ ብል ገብቷል። የሱፍና የሞሄር (የአንጎራ ፍየል) ፀጉር ቀለቡ ነው። ድቡን በላስቲክ አሽጉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ላስቲኩን ቶሎ አትክፈቱ፤ ጤዛው ድቡ ላይ ያርፋል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። ናፍታሊን አትጠቀሙ፣ ትነቱ አንዳንድ ፕላስቲክ ያለሰልሳል።

ከቁም ሳጥኑ የሚሰነፍጥ ሽታ ይመጣል

የሴሉሎይድ (የድሮ ተቀጣጣይ ፕላስቲክ) አሻንጉሊት ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። የካምፎር ሽታ የተፈጥሮው ነው። አፍንጫ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ገላውም ከተሰነጣጠቀ ወይም ካላበው፣ መበስበስ ጀምሯል። የሚለቀው አሲድ አጠገቡ ያለውን ብረት ያዝጋል፣ ልብሱንም ይበላል። ዛሬውኑ ለይታችሁ አየር በሚገባበት ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ሴሉሎይድ ከተቀጣጠለ አይያዝም፤ ሻማም ሆነ የሚሞቅ አምፖል አይቅረበው።

አንዱ ጎን ደበዘዘ

የደበዘዘ ቀለም አይመለስም። መደርደሪያውን ከመስኮት ፊት አንሱ፣ ውስጥ ያለውን የሚሞቅ አምፖል በኤልኢዲ ቀይሩ፣ ትራንስፎርመሩንም ከሳጥኑ ውጭ አድርጉት። ለጨርቅና ለወረቀት ሙዚየሞች የሚጠቀሙት 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አካባቢ ነው። ማታ ማንም በማያይበት ሰዓት መብራቱ እንዲጠፋ የሰዓት ማብሪያ ማጥፊያ ግጠሙለት።