ሁለት የሸክላ ኅትመቶችን ስናነጻጽር የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአምሃ እሸቴ፣ ቀጥሎም በአሊ አብደላ ካይፋ አሳታሚነት የወጡት በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩ ትናንሽ ሸክላዎች ውጭ አገር ታትመው የመጡ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ዘፈኖች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ እንደገና ታትመው በትልልቅ ባለ 33 ዙር ሸክላዎች ላይ ይገኛሉ። አንዱን ዘፈን በሁለቱም ይዞ «የትኛው ይሻላል?» የሚል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ኅትመቶቹን ሳይሆን የማጫወቻውን ጉድለት፣ የሸክላውን ድካም ወይም የድምፁን መጠን ነው። ስለዚህ በኅትመቱ ላይ ከመፍረድ በፊት የሚከተሉትን ምልክቶች መመርመር ያስፈልጋል።

አንደኛው ገና ሲጀምር የተሻለ መስሎ ሲሰማ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ምልክት ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ የድምፅ መጠን ልዩነት ብቻ ነው፤ የአንድ ዴሲቤል ያህል ብልጫ ለጆሯችን እንደ ጩኸት ሳይሆን እንደ ጥራትና እንደ ሙላት ስለሚሰማው፣ ጠንከር ተደርጎ የተቀረጸው ሸክላ ያለ ውድድር ያሸንፋል። በአንድ ገጽ ብዙ ዘፈን የያዘ ትልቅ ሸክላ ደግሞ ቦዮቹ (መርፌው የሚሄድባቸው ጭረቶች) ተጠጋግተው እንዲገቡ ሲባል ድምፁ ቀነስ ተደርጎ ይቀረጻል።

መፍትሄው ሁለቱንም በአንድ ማጫወቻና በአንድ መርፌ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት፣ ከዚያም ከሁለቱም አንድ ዓይነት ስንኝ ወስዶ አማካይ መጠናቸውን ማስተካከል ነው። በከፍተኛው ነጥብ ማስተካከል አያዋጣም፤ አንዲት የጭረት ድምፅ ብቻ ስሌቱን ታበላሸዋለች። በመጨረሻም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግር የሚያጫውት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ስሙ ሲሸፈን ልዩነቱ የሚጠፋ ከሆነ፣ በእኔ ግምት ለቀድሞው ኅትመት የሚጠየቀው ዋጋ የሚከፈለው ለድምፁ ሳይሆን ለቅርስነቱ ነው።

ዜማው ወርዶ ወይም ሲወዛወዝ ሲሰማ

ሁሉም ሸክላ ኢንተርኔት ላይ ካለው ቅጂ ወርዶና ተጎትቶ የሚሰማ ከሆነ ጥፋቱ የማጫወቻው ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የቆየ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ሞተሩ የሚዞረው በመብራቱ ድግግሞሽ ልክ ነው፤ የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ ግን 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር 220ውን ቮልት ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም፤ ስለዚህ 33⅓ ዙር ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፣ ዘፋኙም ሦስት ግማሽ ቶን ያህል ዝቅ ብሎ ይሰማል። መፍትሄው ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ፑሌጃ መግጠም ነው፤ ቺንጋውን መቀየር ብቻውን ይህን አይፈታም። በዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ሞተር የሚሠሩት ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም።

አንድ ሸክላ ብቻ ወርዶ ከተሰማ ግን ዘፈኑ ለዳግም ኅትመት ሲገለበጥ ቴፑ ወይም ምንጭ የሆነው ሸክላ በትክክለኛ ፍጥነቱ አልዞረም ማለት ነው። ዜማው በየዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ የመሐሉ ቀዳዳ ከማዕከሉ ሸሽቷል፤ መርፌውን የያዘው ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። ይህ የዚያ ቅጂ ጉድለት ስለሆነ በጠቅላላው ኅትመት ላይ አይፈረድበትም።

እንደሚቆላ ሽምብራ ሲንጣጣ

መጀመሪያ ማጠብ ይገባል። የተጣራ ውኃና ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ይበቃሉ፤ የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ዝቃጭ ስለሚተው አይመከርም፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀትም መርጠብ የለበትም። ከታጠበም በኋላ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የሚሻክር ከሆነ፣ ቦዩ በቀድሞ ዘመን ከባድ መርፌዎች ተበልቷል። የተበላ ቦይ አይመለስም፤ ሆኖም ሸክላው ሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር የተቀረጸ) ከሆነ የጫፉ ራዲየስ 25 ማይክሮን የሆነ የሞኖ መርፌ፣ 18 ማይክሮን ገደማ ከሆነው የስቴሪዮ (የሁለት መስመር) መርፌ በተለየ ከፍታ ግድግዳውን ስለሚነካ፣ አንዳንድ ጊዜ ያልተበላ ክፍል ያገኛል። አምፕሊፋየሩን ወደ ሞኖ ማዞርም መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቃነቅ የሚፈጠረውን ጫጫታ ይቀንሳል።

አዲስና ንጹሕ ዳግም ኅትመት ላይ የሚሰማ ጭረት ደግሞ የተለየ ምርመራ ይፈልጋል፤ የብዙ ዘፈኖች ማስተር ቴፕ (የመጀመሪያው ቀረጻ ቴፕ) ባለመገኘቱ የተገለበጡት ከአሮጌ ሸክላ ነው። ይህን በሰዓት ማወቅ ይቻላል። በ33⅓ ዙር የሚሽከረከር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.8 ሴኮንድ፣ ባለ 45ቱ ግን በ1.33 ሴኮንድ ይጨርሳል። ትልቁ ሸክላ እየዞረ «ቋ» የሚለው ድምፅ በየ1.33 ሴኮንዱ የሚደገም ከሆነ፣ ጭረቱ ያለው እጃችሁ ላይ ባለው ሸክላ ሳይሆን በተገለበጠበት ትንሽ ሸክላ ላይ ነው፤ የትኛውም እጥበት አያጠፋውም። አዲስ ሸክላ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ካሰማ ግን ፕላስቲኩ በሚታተምበት ጊዜ ቦዩን አልሞላውም፤ ለሻጩ መመለስ ብቻ ነው።

ድምፁ ታፍኖ ሲሰማ

መርፌው ንጹሕ ከሆነና ክንዱ ከሸክላው ጋር ትይዩ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ጫጫታ ማጥፊያ ሶፍትዌር ይሄዳል፤ ሲያጸዱ የሲምባሉን ጠርዝና የዘፋኙን ትንፋሽ አብረው ይወስዳሉ። እኔ ትንሽ የሚንጣጣ ግን የሚተነፍስ ኅትመት እመርጣለሁ። የሸክላው 180 ግራም መመዘን በዚህ ረገድ የሚጨምረው ነገር የለም።

የመጨረሻው ዘፈን ብቻ ሲሻክር

በትልቁ ሸክላ ጠርዝ ላይ ቦዩ በመርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲያልፍ፣ መሐሉ ጋ ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል፤ ዝርዝር ድምፅም በዚያው መጠን ይጨናነቃል። ትንሹ ባለ 45 የሚጀምረው በ40 ገደማ ስለሆነ፣ በትልቁ ሸክላ መጀመሪያ ያለ ዘፈን ይበልጠዋል፣ መጨረሻ ያለው ግን ያንሰዋል። ካርትሪጁን (ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን የመርፌ መያዣ) በማስተካከያ ካርድ ካሰለፉ በኋላም ልዩነቱ ከቀጠለ፣ ለማነጻጸር ከገጹ መጀመሪያ ያለውን ዘፈን መምረጥ ይሻላል።

ውጤቱ በየቅጂው ሲለያይ

ወረቀቱና ሽፋኑ አንድ ዓይነት ቢሆኑም ቀረጻው ሊለያይ ይችላል። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥርና ፊደል በመብራት አጋድሎ አንብቦ ከየውጤቱ ጎን መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ኮዱ አንድ ሆኖ ድምፁ ከተለያየ፣ አንደኛው ቅጂ ተጎድቷል ወይም የማተሚያው ቅርጽ ከተበላ በኋላ የወጣ ነው።