ማግኔት የማይስበው ዚንክ ማግኔትን ሲያጠነክር

ዚንክን ማግኔት አይስበውም። ማግኔታይት በሚባለው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ናኖክሪስታል (እጅግ ደቃቅ ክሪስታል) ውስጥ በልኩ ሲገባ ግን የማግኔቱን ጉልበት ይጨምራል። ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪ ሳለማምድ ከዚህ መጀመር ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ተራውን ማግኔታይት ሥሩ። በ100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ናይትሮጅን አሳልፉ። ኦክስጅን ውሃው ውስጥ ከቀረ የሁለቱ የብረት ዓይነቶች (የፌሪክና የፌረስ) ምጣኔ ይፋለሳል። ከዚያ 5.4 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬትና 2 ግራም ፌረስ ክሎራይድ ቴትራሃይድሬት አሟሙበት። ይህ በግራም ሳይሆን በሞል (በአዮኖቹ ብዛት) ፌሪክ 2 ለፌረስ 1 ነው። ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁት። በኃይል እያማሰላችሁ ፒኤቹ 10 ተኩል አካባቢ እስኪደርስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ። ወዲያው ይጠቁራል። አንድ ሰዓት ያህል እያማሰላችሁ አቆዩት። ቢከሩን ጠንካራ ማግኔት ላይ ስታስቀምጡት ጥቁሩ ይዘቅጣል፤ ውሃውን አጥልሉና ደጋግማችሁ እጠቡ።

አሁን ዚንኩ። ፌረስ ክሎራይዱን ወደ 1.4 ግራም ቀንሱና 0.41 ግራም ዚንክ ክሎራይድ ጨምሩ። ሌላውን አትንኩ።

ለምን ይጠነክራል? በክሪስታሉ ውስጥ የብረት አዮኖች ሁለት ዓይነት ቦታ አላቸው፤ አንዱ በ4 ኦክስጅን የተከበበ፣ ሌላው በ6። ሁለቱ ወገኖች እንደ ገመድ ጉተታ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ ባለ 6ቱ ያሸንፋል። ዚንክ የሚመርጠው ባለ 4ቱን ነው። እዚያ ሲገባ የተሸናፊው ወገን ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ይሰፋል። እኔ ይህን ነገር ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል። ግን አታብዙት። ከፌረሱ ከግማሽ በላይ በዚንክ ስትተኩ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ትስስር ይላላና ጉልበቱ ይወድቃል።

ኮባልት ሌላ ጠባይ አለው፤ ክሪስታሉን ግትር ያደርገዋል። ፌረስ ክሎራይዱን በሙሉ በ2.4 ግራም ኮባልት ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት ብትተኩ፣ የማግኔቱን አቅጣጫ መገልበጥ በጣም ይከብዳል። የኮባልት ጨው መርዛማ ነው። ካለ ጓንትና መነጽር አትንኩት፤ ዱቄቱንም አትተንፍሱት።

ብዙ መመሪያ አሞኒያ ተጠቀሙ ይላል። ለተራው ማግኔታይት ጥሩ ነው። ዚንክና ኮባልት ላይ ግን አልመክርም፤ አሞኒያ ሲበዛ ይዟቸው ውሃው ውስጥ ያስቀራቸዋል፣ ስታጥቡም አብረው ይሄዳሉ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም ከበዛ ዚንኩን መልሶ ያሟሟል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ያስቀመጣችሁትን መጠን ብቻ አትመኑ። ከደረቀው ዱቄት ትንሽ በአሲድ አሟሙና ስንት ዚንክ እንደገባ አስለኩ፤ ማስታወሻችሁ ላይ የምትጽፉትም ያንን ቁጥር ይሁን።