ከቤት ስትሠሩ ብሬክና የአለቃ ዓይን፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዲሲ አካባቢ፣ ሲያትል፣ ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በስልክ አስተርጓሚነት ወይም በባንክ፣ በኢንሹራንስና በሆስፒታል ኮል ሴንተር ተቀጥሮ ከመኝታ ቤቱ ጥግ የሚሠራ ሀበሻ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጠዋት በረዶ መጥረግ የለም። የፓርኪንግ ክፍያ የለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤት ሰው ያገኛል። አንድ ጭንቀት ግን አብሮ ቤት ገብቷል። «አሁን ተነሥቼ ሽንት ቤት ብሄድ አለቃዬ ምን ያያል?»

ከዚህ ጭንቀት ብዙ ስህተት ይወለዳል። ግማሹ መብትን ካለማወቅ ነው። ግማሹ ደግሞ መደበቅ የማያስፈልገውን ነገር ከመደበቅ። እዚህ የማወራው በዋናነት አሜሪካ ውስጥ በሰዓት ስለሚከፈላቸውና ደብልዩ ቱ (የተቀጣሪ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝና ግብር ወረቀት) ስለሚደርሳቸው ሠራተኞች ነው። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጭራሽ አለመነሣት

እኛ ጋ ሳይነሡ መዋል እንደ ትጋት ይቆጠራል። «ቤቴ ነው ያለሁት፣ ምን ብሬክ ያስፈልገኛል?» ይባላል። ቢሮ እያለን ግን ሳናውቀው ደጋግመን እንነሣ ነበር። ፕሪንተሩ ጋ፣ ቡና ማፍያው ጋ፣ የጓደኛ ጠረጴዛ ጋ። ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ቀርቶ ወንበርና ሄድሴት ብቻ ነው ያለው።

ጉዳቱ ወገብ ላይ ብቻ አይቆምም። ሳያርፍ ሦስት ሰዓት የሆስፒታል ጥሪ ሲያስተረጉም የቆየ ሰው «ፊፍቲን» ሲባል «ፊፍቲ» ሊሰማ ይችላል። 15 ሚሊግራም 50 ሆነ ማለት ነው። ረጅም ጥሪ ላይ «አስተርጓሚው አጭር እረፍት ይፈልጋል» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም። ጎበዞቹ ይጠይቃሉ።

ለአጭር ብሬክ ሰዓት ማቆም

አንዳንዱ ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር ሎግ አውት ያደርጋል። ያልሠራሁበትን አልቀበልም ባይ ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ሕጉ ግን ይህን አልጠየቀውም። በፌዴራሉ የደመወዝ ደንብ መሠረት ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን አጭር ብሬክ የሥራ ሰዓት ነው። ይከፈልበታል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶም ያውቃል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በስልክ ሽያጭ የሚሠራ አንድ ኩባንያ ሠራተኞቹ ከ90 ሰከንድ በላይ ከሲስተም ከወጡ ያን ጊዜ አይከፍላቸውም ነበር። «ብሬክ አይደለም፣ እንደፈለጉ የሚወስዱት የራሳቸው ጊዜ ነው» ብሎ ተከራከረ። 2017 ላይ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። 20 ደቂቃና ከዚያ በታች ከሆነ ክፈል አለው። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ደንቡ ከቤት ለሚሠራውም እኩል እንደሚያገለግል በመመሪያ አስታወቀ። ሽንት ቤት መሄድ፣ ቡና መቅዳት፣ እግር ማፍታታት፣ ሁሉም ይገባል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። 10 ደቂቃ ብቻ እንደሚፈቀድ አስቀድሞ በግልጽ ተነግሯችሁ 25 ደቂቃ ከቆያችሁ ትርፉን ላይከፍሏችሁ ይችላሉ። ቅጣትም ሊከተል ይችላል።

የሌላ ስቴት ዘመድን ሕግ መጥቀስ

ሲያትል ያለች እህት «በየአራት ሰዓቱ 10 ደቂቃ በሕግ ነው» ትላለች። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሟ ይህን ይዞ ሱፐርቫይዘሩን ይሞግታል። ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር፣ እሷ ስላለችበት ስቴት።

የፌዴራሉ ሕግ አጭር ብሬክ ከሰጠህ ክፈል ይላል እንጂ ብሬክ ስጥ አይልም። ግዴታው የሚመጣው ከስቴቱ ነው። ዋሽንግተን ስቴት፣ ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶና ኔቫዳ ለየአራት ሰዓቱ 10 ደቂቃ የሚከፈል እረፍት ያዛሉ። ሚኒሶታ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 15 ደቂቃ አድርጎታል። ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያና ቴክሳስ ግን ለተራው አዋቂ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሕግ የላቸውም። እዚያ የምትመኩበት የኩባንያው የራሱ ፖሊሲ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም ኩባንያው ያለበት ስቴት ሳይሆን እናንተ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩበት ነው።

ሄድሴት አድርጎ ምሳ መብላት

ይህ ገንዘብ የሚያስከፍል ስህተት ነው፤ ከፋዩ ደግሞ ሠራተኛው። ብዙ ኩባንያዎች በየቀኑ 30 ደቂቃ ላንች በራሱ በሲስተሙ ይቀንሳሉ። ያ ሕጋዊ የሚሆነው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ነፃ ስትሆኑ ነው። በአንድ እጅ እንጀራ፣ በሌላው ማውስ ይዛችሁ ኢሜይል ስትመልሱ ከዋላችሁ ላንች አልወሰዳችሁም። ሠርታችኋል። ሊከፈላችሁ ይገባል።

አሠሪ መሥራታችሁን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት የመክፈል ግዴታ አለበት። ከቤት ሲሠራ ግን «አላየሁም» ማለት ይቀለዋል። በዚያ ላይ ያልተመዘገበ ሰዓት ማሳወቂያ መንገድ ዘርግቶ እናንተ ካልተጠቀማችሁበት፣ ኋላ ስትከራከሩ ክርክራችሁ ይሳሳል። ስለዚህ ላንች ላይ ጥሪ ካነሣችሁ ወዲያው ጻፉ። «ዛሬ ላንቼ ላይ ጥሪ ስለመጣ 20 ደቂቃ ሠርቻለሁ፣ ይስተካከልልኝ።» ሁለት መስመር በቂ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ብሬክ የወሰደበትን ለማካካስ ማታ ሎግ አውት ካደረገ በኋላ በነፃ የሚሠራ ሰው አለ። ማንም አያመሰግነውም። ፈቃድ ሳይጠይቅ ኦቨርታይም ሠራ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበትም ይችላል።

አረንጓዴዋን ነጥብ መጠበቅ

ቲምስና ስላክ የሥራ መልእክት መለዋወጫዎች ናቸው፤ ሥራ ላይ ስትሆኑ ከስማችሁ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ያሳያሉ። ቲምስ ኮምፒውተሩ ለ5 ደቂቃ ካልተነካ ነጥቡን ቢጫ ያደርገዋል። ስላክ 10 ደቂቃ ይታገሣል። ይህን የሰማ ሰው በየአራት ደቂቃው ወጥ ከማማሰል እየሮጠ ማውስ ይነካል። ወጡም አረረ፣ ሥራውም አልተሠራ።

ኮል ሴንተር ውስጥ አለቃው ዋነኛ ትኩረቱ እዚያች ነጥብ ላይ አይደለም። እሱ ፊት የሚከፈተው የስልኩ ሲስተም ነው። መቼ ገባችሁ፣ ስንት ደቂቃ ጥሪ ላይ ነበራችሁ፣ ጥሪ ካለቀ በኋላ ስንት ደቂቃ ጻፋችሁ፣ ብሬክ ላይ ስንት ቆያችሁ፣ ሁሉም በሰከንድ ይታያል። ከወጣላችሁ ፕሮግራም ጋርም ይነጻጸራል። እዚያ «ብሬክ» የሚል የ10 ደቂቃ መስመር ማንንም አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው «ዝግጁ ነኝ» ብላችሁ ትታችሁ ሄዳችሁ ጥሪ ሲጮህ ያላነሣችሁት ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ትክክለኛውን ስታተስ ተጫኑ። ተነሡ፣ ሂዱ፣ ተመለሱ።

ማውስ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ መግዛት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ማውሱን እያነቃነቀ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ያደርጋል። ጓደኛ ለጓደኛ ይመካከርበታል፤ «እኔ ስንት ወር ተጠቀምኩበት፣ ማንም አላወቀም» ይባላል።

በ2024 ትልቁ ባንክ ዌልስ ፋርጎ ከደርዘን በላይ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ምክንያቱ የሚሠሩ ለመምሰል የኪቦርድ እንቅስቃሴ አስመስለዋል የሚል ነው። የፋይናንስ ሙያተኞች ስንብት ለተቆጣጣሪው አካል ስለሚመዘገብ ምክንያቱ ከስማቸው ጎን ተጻፈ። ቀጣዩ ቀጣሪ ያነበዋል ማለት ነው።

መያዣ መንገዱም ብዙ ነው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ኩባንያው ላፕቶፕ ላይ ዱካ ይተዋል። ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ማውሱን ከሥር የሚያሽከረክረው ዱካ ባይተውም፣ ማውስ ለአንድ ሰዓት ሙሉ እየዞረ አንድም ክሊክ፣ አንድም ፊደል ከሌለ ነገሩ ያስጠረጥራል። ስክሪን ፎቶ የሚያነሣ ሶፍትዌር ካለ ደግሞ ያው ገጽ ደጋግሞ ይነሣል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

ካናዳ ውስጥ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ አንዲት ከቤት የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ያለአግባብ ተባረርኩ ብላ ከሰሰች። ኩባንያው ላፕቶፗ ላይ ታይምካምፕ የሚባል መቆጣጠሪያ ጭኖ ነበር። ሠራሁ ብላ ከሞላችው ሰዓት ውስጥ ከ50 ሰዓት በላይ የሚሆነው ላይ የሥራ ምልክት አላሳየም። እሷ ወረቀት አትሜ በወረቀት ነው የሠራሁት አለች። ሶፍትዌሩ ግን ፕሪንት የተደረገውንም ይመዘግብ ነበር። በጃንዋሪ 2023 ጉዳዩን ያየው አካል ክሷን ውድቅ አድርጎ፣ ያልሠራችበትን ደመወዝ እንድትመልስ ወሰነ።

እኔን የሚያሳዝነኝ አብዛኛው ሰው ይህን ዕቃ የሚገዛው ቀኑን ሙሉ ለመተኛት አለመሆኑ ነው። ለ15 ደቂቃ ሻይ ነው። የሚከፈልበት፣ ብዙ ቦታ የሚፈቀድ 15 ደቂቃ። ብሬኩን ብቻውን ቢወስደው ቢበዛ «ፕሮግራምህን ጠብቅ» ይባላል። ማስመሰል ሲጨመርበት ግን ጉዳዩ የደቂቃ መሆኑ ይቀርና የእምነት ማጉደል ይሆናል።

የኩባንያውን ላፕቶፕ የቤት ዕቃ ማድረግ

ብሬክ ላይ ናችሁ፤ የራሳችሁ ጊዜ ነው። ላፕቶፑ ግን አሁንም የእነሱ ነው። እዚያ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ ከእናት ጋር ማውራት፣ ባንክ ማየት፣ የልጅ የቤት ሥራ መሥራት፣ ይባስ ብሎ ሌላ ሥራ መፈለግ፣ ሁሉም አለቃው ስክሪን ላይ ሊደርስ ይችላል። በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ኢንተርኔት አድርጉት።

በአብዛኛው አሜሪካ አሠሪ የራሱን ኮምፒውተር የመከታተል መብቱ ሰፊ ነው። ኒውዮርክ ከሜይ 2022 ጀምሮ አዲስ ለሚቀጠር ሰው በጽሑፍ ማሳወቅና ፊርማ መቀበል ግዴታ አድርጓል። ኮነቲከትና ደላዌርም የማሳወቅ ሕግ አላቸው። በሌላው ስቴት ማስታወቂያው የሚገኘው ስትቀጠሩ ሳታነቡ ክሊክ ባደረጋችሁት ረጅም ሰነድ ውስጥ ነው። ፈልጉና አንብቡት። ካሜራ ይበራል ወይ? ድምፅ ይቀዳል ወይ? ስክሪን ፎቶ ይነሣል ወይ?

ካሜራን በተመለከተ አውሮፓ ጠንከር ያለ ነው። በ2022 አንድ የፍሎሪዳ ኩባንያ ሆላንድ ያለ ሠራተኛውን ቀኑን ሙሉ ካሜራ አልከፍትም በማለቱ አባረረው። የሆላንድ ፍርድ ቤት ስንብቱን ሕገ ወጥ ብሎ ወደ 75,000 ዩሮ አስከፈለው። አሜሪካ እንዲህ ያለ ጥበቃ ጠባብ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ጠንካራ ሕግ አለ። የምታጠባ እናት ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ወተት ለማለብ ሰዓት ይሰጣታል፤ ከቤት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ በዚያን ጊዜ በኮምፒውተሩ ካሜራም ቢሆን አትታይም። ካሜራውን መዝጋት መብቷ ነው።

«ቤት ናት፣ ግቡ»

ዘመድ ከቤት መሥራትን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። አክስት ሳትደውል ትመጣለች። ቡና ይፈላል። አቦል ብሎ ተነሥቶ መሄድ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው፤ ቶናና በረካ አለ። የ10 ደቂቃ ብሬክ በዚህ አይበቃም። ለአስተርጓሚ ደግሞ የከፋ ነው፤ የታካሚ ሚስጥር ላይ እያለ ከኋላ የሰው ድምፅ ከተሰማ ጥሪው ይቀዳልና ኋላ ይጠየቅበታል። በር ላይ ወረቀት ለጥፉ። ለአክስትም «እትዬ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው የምወጣው፣ ያኔ አብረን እንጠጣለን» ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ትቀየማለች፣ ኋላ ትለምደዋለች።

ጾምንና ሶላትን መደበቅ

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት፣ በፈረንጁ እስከ 3 ሰዓት፣ የሚቆይ ሰው እኩለ ቀን ላይ የሚሰጠው ላንች ምን ይሠራለታል? ብዙዎች ዝም ብለው እኩለ ቀን ላይ አርፈው፣ ከሰዓት ተደብቀው ይበላሉ። ረመዳን ላይ ደግሞ ለአፍጥር ይሰወራሉ። ሁለቱም መጠየቅ የሚቻል ነገር ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሃይማኖትን የማስተናገድ ግዴታ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2023 አሠሪው እምቢ ለማለት ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብሏል። ላንች በሦስት ሰዓት ማዘግየት ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ቦታ ከባድ ጫና አይደለም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት በኢሜይል ጠይቁ፤ ቀኖቹንም ጥቀሱ። ስኳር ያለበትና በየሰዓቱ መብላት ያለበት ሰውም በሌላ ሕግ ተመሳሳይ መብት አለው።

1099ን ከደብልዩ ቱ ማምታታት

በደቂቃ የሚከፈላችሁ፣ ዓመት ሲያልቅ 1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ፣ በኮንትራት ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ የገቢ ወረቀት) የሚደርሳችሁ አስተርጓሚዎች፣ በእርግጥም የራሳችሁ አለቃ ከሆናችሁ ከላይ ያልኩት የብሬክ ክፍያ አይመለከታችሁም። ሰዓታችሁን እነሱ ከወሰኑ፣ ሌላ ቦታ እንዳትሠሩ ከከለከሉና እያንዳንዱን ደቂቃ ከተቆጣጠሩ ግን 1099 መባላችሁ ራሱ ሊያከራክር ይችላል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ አፕወርክ በሚባለው የኢንተርኔት የኮንትራት ሥራ መድረክ ላይ በሰዓት የምትሠሩም አላችሁ። የእሱ መመዝገቢያ በየ10 ደቂቃው አንድ የስክሪን ፎቶ ያነሣል። ብሬክ ስትወጡ አቁሙት። የግል ነገር ከተነሣ ፎቶውን መሰረዝ ትችላላችሁ፤ የዚያ 10 ደቂቃ ክፍያ ግን አብሮ ይሄዳል።

የራስን መዝገብ አለመያዝ

ሲስተሙ የእነሱ ነው፤ ከተባረራችሁ በዚያው ቅጽበት ይዘጋባችኋል። መቼ እንደጀመራችሁ፣ ላንች ላይ ሠርታችሁ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደተቆረጠባችሁ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። የደንበኛ ስምና ሚስጥር አትጻፉ፣ ሰዓቱን ብቻ። ያልተከፈለ ደመወዝ በፌዴራል ሕግ ወደኋላ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆነ ብሎ ካደረገው ሦስት ዓመት ድረስ ይጠየቃል። አቤቱታ የሚቀበለው የሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ የደመወዝና ሰዓት ክፍል ነው። ስልኩ 1-866-487-9243 ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀታችሁንም አይጠይቁም። አቤት በማለታችሁ መባረር በራሱ ሌላ ጥሰት ነው።